አስቸኳይ፦ የታቱዬ ፊልም አፈሰሰ፣ ነገ ጠዋት ጨዋታ አለኝ

በረኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አዲስ ታቱ አለኝ፤ ላዩ ላይ የለጠፉልኝ ስስ ፊልም ዛሬ ልምምድ ላይ በአንድ በኩል ተላቆ ጥቁር ውኃ ያንጠባጥባል። መሀሉ ደግሞ ፈሳሽ ቋጥሮ ተነፍቷል። ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ጨዋታ አለኝ። ዙሪያውን በፕላስተር ባሽገው እስከ ነገ ይይዛል ወይ? የሠራልኝ ልጅ ስልክ አያነሳም።

ቢኒ፦
በረኛ ሆነህ የሚያፈስ ነገር ይዘህ ሜዳ እንዳትገባ፣ ደጋፊ ምክንያት አይሰማም! ከቀልዱ ውጪ የት ቦታህ ላይ ነው? እጅ ነው እግር?

ማሂ፦
ፊልሙን አንሣና ባዝሊን ወፈር አድርገህ ቀባበት። የወንድሜ ደረት ላይ ያለው እንደዛ ነው የዳነው።

ነርስ መባ፦
ፕላስተሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ። መቼ ተሠራ? ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት አለህ? ፈሳሹ ይሸታል? የምትጫወተው አፈር ሜዳ ላይ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ? መርፌው ከነማሸጊያው መጥቶ ፊትህ ሲከፈት አይተሃል?

ኪዳነ፦
ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ። ገላን መንቀስ በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28 የተከለከለ ነው። ሥጋህ የተሰጠህ ንጹሕ ሆኖ ነው። ዛሬ ፊልሙ አፈሰሰ ትላለህ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ወጣቱ የውጭ ተጫዋች እያየ ክንዱን እንደ ግድግዳ ማስጻፍ ጀምሯል፤ ዋጋውን የሚያውቀው ግን ካስጻፈ በኋላ ነው። ቁስሉ ሲድንልህ ስለዚህ ነገር ብታስብበት እወዳለሁ።

ትዕግሥት ዘጎጃም፦
ወንድም ኪዳነ፣ አያቴ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ዙሪያውን ንቅሳት አላት፤ ጾም የማትገድፍ ሴት ናት። ክርክሩን ሌላ ቀን እናድርገው፣ ልጁ የጠየቀው ስለ ቁስል ነው።

በረኛው፦
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ቀኝ ክንዴ ላይ ነው፣ በውጭ በኩል፣ ከክርኔ በታች እስከ አንጓዬ። ሰኞ ነው የተሠራው። ትኩሳት የለኝም፣ ሽታም የለውም። መርፌው አዲስ ነበር፣ አይቻለሁ። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ነው። ጨዋታው ፍጻሜ ነው፤ ሁለተኛው በረኛችን ጉልበቱን ስለታመመ ከእኔ ሌላ የለም። ስለዚህ «አትጫወት» ብቻ አትበሉኝ።

ሳሚ ጂም፦
ላብ ቀለሙን ያወጣዋል። ያ የሚንጠባጠበው ጥቁር ነገር ታቱህ ነው እየወጣ ያለው። አንድ ወር ምንም ስፖርት እንዳትነካ።

ዘላለም ታቱ፦
እኔ ሥራዬ ይህ ነው፤ ሳሚ ያልከው ትክክል አይደለም። መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው ከላይኛው ቆዳ ሥር፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ላብ እዚያ ገብቶ ቀለም አያጥብም። በፊልሙ ሥር የተጠራቀመው የቁስል ውኃ፣ ትንሽ ደምና ቆዳው ላይ የቀረ ትርፍ ቀለም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ላይ ይታያል። ቀለም የሚያሳጣው ቅርፊት ሳይደርስ ሲነቀልና ቦታው ሲፋቅ ነው።

ፊልሙ ጥሩ የሚሆነው ዙሪያውን እንደታሸገ እስካለ ድረስ ነው። ጠርዙ ከተከፈተ ግን ላብና ቆሻሻ ይገባል፣ ውስጡ ሙቅና እርጥብ ስለሆነ ጀርም ይራባበታል። በፕላስተር ስታሽገው የገባውን አብረህ ታሽገዋለህ። ዛሬ ማታውኑ አንሣው።

አነሣሡን ልብ በል። ለብ ያለ ውኃ እያፈሰስክበት ጠርዙን ይዘህ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሳብ፣ ወደ ላይ አትገንጥለው። ሲሳብ ይለጠጥና ሙጫው ራሱ ይለቃል።

ማሂ፦
እኮ፣ ከዚያ ባዝሊን።

ነርስ መባ፦
ዘላለም ያለውን እደግፋለሁ። ማሂዬ፣ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ለታቱ የሚመክረው ውኃነት ያለው ሎሽን ነው፤ የባዝሊን ዓይነቱ ቀለሙን ሊያደበዝዝ ይችላል ይላል። እኔ ደግሞ የምፈራው ወፍራም ባዝሊን ከላብና ከሜዳ ብናኝ ጋር ሲለወስ ነው። የሚቀባው ነገር እንደ ጤዛ የሳሳ ይሁን፣ ሽታ የሌለው።

በረኛው፣ ፊልሙን ካነሣህ በኋላ እጅህን በደንብ ታጠብ፣ ከዚያ ሽታ በሌለው ሳሙና በመዳፍህ ቀስ ብለህ እጠበው። ስፖንጅ አትጠቀም። በተሰቀለ ፎጣ አታድርቀው፤ በንጹሕ ሶፍት እየነካካህ አድርቅ ወይም ራሱ ይድረቅ። ሰፈራችሁ ውኃ የሚመጣው በተራ ከሆነና የበርሜል ውኃ ብቻ ካለ፣ አፍልተህ ያቀዘቀዝከውን ተጠቀም። አልኮልና ዴቶል አታስነካው።

ከታጠበ በኋላ መብራት ላይ እየው። የውጭ ምክሮች «ከቀላ» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ላይታይ ይችላል። ዙሪያው ከወትሮው ጠቁሮ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ያብረቀርቅ እንደሆነ አስተውል። በእጅህ ጀርባ ዳብሰው፣ ከግራ ክንድህ ጋር አወዳድር፤ ይሞቃል? ዛሬ ከትናንት ይበልጥ ያማል? ያበጠ ነገር ካለ ዳር ዳሩን፣ ከታቱው ውጪ፣ በእስክሪብቶ አስምር። ጠዋት እብጠቱ መሥመሩን አልፎ ካገኘኸው፣ መግል ካለ ወይም ካተኮሰህ የምትሄደው ጤና ጣቢያ ነው፣ ሜዳ አይደለም።

አቤል 7፦
ቴትራሳይክሊን ፈትቶ ዱቄቱን መነስነስ ነው። ኳስ ስንጫወት ለተላጠ ጉልበት ሁሌ እሱን ነው የምናደርገው፣ በማግስቱ ደርቆ ታገኘዋለህ።

ነርስ መባ፦
አቤል፣ እባክህ ይህን ለሰው አትምከር። የሚዋጥ መድኃኒት ለቁስል አልተሠራም። ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ድርቅ ያለ ጠጣር ይሠራል፤ ሥሩ ያመረቅዝና ላዩ የዳነ ይመስላል። ታቱ ላይ ደግሞ ያ ጠጣር ሲነሣ ቀለሙን ይዞት ይነሣል። አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ጋሽ አሰልጣኝ፦
ልጄ፣ እኔ በረኞችን ለብዙ ዘመን አሰልጥኛለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወደ ቀኝ ስትወረወር መጀመሪያ መሬት የሚነካው ምንህ ነው? ክንድህ። ያውም በውጭ በኩል፣ አሁን ታቱው ያለበት ቦታ። ፊልሙ የተላቀቀውም በዚሁ ይመስለኛል።

ሰው ሠራሽ ሣር ጤነኛውንም ቆዳ እንደ ሞረድ ይልጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሴንት ሉዊስ ራምስ የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን 5 ተጫዋቾቹ መድኃኒት የለመደ የስታፍ ጀርም ያዛቸው። ተመራማሪዎች ሲያጣሩ ሁሉም ያመረቀዙት ሣሩ የላጣቸው ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ። ተጫዋቾቹ ፎጣም ይዋዋሱ ነበር። የእነሱ የተላጠ ቆዳ ብቻ ነበር፤ አንተ ደግሞ በመርፌ ሺህ ጊዜ የተወጋ ክንድ ይዘህ ነው የምትወድቅበት።

በረኛ የለንም ላልከው፣ ከተከላካዮቻችሁ ረጅሙንና ደፋሩን አስገቡት። አንተ ከጎሉ ጀርባ ሆነህ አቋቋሙን ንገረው፤ ተቀይረህ ብትገባ እንኳ ለፍጹም ቅጣት ምት ግባ። ፍጻሜ እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፣ ግን ክንድህ ካመረቀዘ የሚቀጥለውን ወር ሙሉ ቡድኑ ያለ በረኛ ይቀራል።

በረኛው፦
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እውነት ብለዋል፤ ስወረወር በዚያ በኩል ነው የወደቅሁት። ፊልሙን አንሥቼ አጥቤዋለሁ። መግል የለውም፣ ሙቀቱም ከግራው ጋር እኩል ነው። አንጓዬ አጠገብ ትንሽ ቦታ ላይ ቆዳው ነጣ ብሎ መላጥ ጀምሯል። አሁን ሌላ ፊልም ገዝቼ ልለጥፍ? ጓደኛዬ ፋርማሲ ቴጋደርም የሚባለው ፊልም አለ ብሎኛል።

ቢኒ፦
ጋሼ ለፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ይግባ ያሉት ደስ ብሎኛል። ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ጀግና ሆኖ መውጣት!

ዘላለም ታቱ፦
መላጥ ከጀመረ ፊልም አትመልስበት፣ ሲነሣ ቅርፊቱን ይዞት ይመጣል። ሌሊቱን ንጹሕ ሰፋ ያለ ጥጥ እጅጌ ለብሰህ ተኛ፣ አንሶላህንም ቀይር። ክንድህ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ብትነቃ አትንጨው፣ ውኃ አርከፍክፍበትና ራሱ ይልቀቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ልከራከር። ሰው ሁሉ ፊልም ካልተለጠፈ ታቱ አይድንም ብሎ ማመን ጀምሯል። ፊልም ከመምጣቱ በፊትም ይድን ነበር። ብዙ ለሚያልበው፣ ክንዱን ለሚያጥፍና ለሚዘረጋ ስፖርተኛ ጠርዙ በየቀኑ ይከፈትበታል። እኔ ለእንዲህ ያለው ደንበኛ የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ለጥፌ፣ ከዚያ እጠበው፣ በስሱ ቀባው እለዋለሁ።

ማሂ፦
ባዝሊንም በስሱ ከሆነ ምን ችግር አለው?

ነርስ መባ፦
ማሂ፣ በስሱ ከሆነ አይገድለውም፣ ሎሽን ግን ይሻላል።

በረኛው፣ ጋሽ አሰልጣኝ እንዳሉት እንድታደርግ እለምንሃለሁ። የግድ እገባለሁ ካልክ ግን ቢያንስ እንዲህ ሁን። ከፋርማሲ ቁስል ላይ የማይጣበቅ ፓድ ግዛ፤ ተራ ጎዝ ቀጥታ አታድርግበት፣ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። በፓዱ ላይ ፋሻ ሳታጠብቅ ጠምጥም፣ ጣቶችህ መደንዘዝ የለባቸውም። ከላይ ለበረኛ የሚሆን ክርን ላይ ስፖንጅ ያለው ረጅም እጅጌ ልበስ፣ ታጥቦ የደረቀ ይሁን። የጓንትህ ማሰሪያ ታቱው ጫፍ ላይ እንዳያርፍ ዝቅ አድርገህ እሰረው። በዕረፍት ሰዓት ፋሻው ከራሰ ቀይር። ጨዋታው እንዳለቀ፣ ፎቶ ከመነሣትህ በፊት፣ አውልቀህ እጠበው። የማንንም ፎጣ አትቀበል፣ ውኃ መርጫ ጠርሙስም ከመሬት አንሥተህ ክንድህ ላይ አታፍስስ።

ፀሐዩንም አትርሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ትበልጣለች፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ይበረታል። ሰንስክሪን ገና ባልዳነ ቁስል ላይ አይቀባም፣ ስለዚህ የሚከላከልልህ እጅጌህ ነው።

ጋሽ አሰልጣኝ፦
ለሚቀጥሉት ሳምንታትም ልጨምርልህ። ልምምድ አታቁም። እግር ሥራ፣ ሩጫ፣ ዝላይ፣ በእግር ኳስ ማቀበል፣ ቆሞ ደረት ላይ መያዝ ይቻላል። መወርወር ብቻ ይቅርብህ። ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው ሲረጋ መጀመሪያ ፍራሽ ላይ፣ ከዚያ ለስላሳ የተፈጥሮ ሣር ላይ፣ መጨረሻ ወደ ሰው ሠራሹ ሣር ትመለሳለህ።

ሳሚ ጂም፦
እሺ፣ ስለ ላቡ ተረድቻለሁ። ግን ጂም ውስጥ ያለው አግዳሚ ከሜዳው አይሻልም። ሰው ላቡን ሳይጠርግ ነው የሚነሣው። ክንዳችሁን ወይም ጀርባችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ጥረጉት፣ የራሳችሁን ፎጣ አንጥፉ።

ትዕግሥት ዘጎጃም፦
አንድ ያልተነሣ ነገር አለ። በቤተሰባችሁ ጠባሳው ከፍ ብሎ የሚያብጥ፣ ኬሎይድ የሚወጣበት ሰው ካለ ደጋግሞ መላጥ አደገኛ ነው። ለእህቴ ጆሮዋን ከተበሳች በኋላ ወጥቶባት ብዙ አስቸግሯታል። እኛ ጥቁሮች ላይ ደግሞ ይበዛል።

ዳጊ አዳማ፦
በረኛው ምን ደረስክ? ተጫወትክ? አሸነፋችሁ?

እኔም በዚሁ ላይ ልጠይቅ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ትንሽ ታቱ ካሠራሁ ሳምንት አልሞላውም፣ አልጋ ላይ ስተኛ እንኳ አያመኝም። እሑድ ከልጆቹ ጋር ሶደሬ ልንሄድ ነው። ፍል ውኃ ስለሆነ ጀርሙን ይገድለዋል አይደል? በላስቲክ ጠምጥሜ ብገባስ?

ቢኒ፦
በረኛው ከሄደ ድምፁ የለም። ወይ ዋንጫ ይዞ እየዞረ ነው፣ ወይ ጋሼን ሰምቶ ከጎሉ ጀርባ ቆሞ እየጮኸ ነው።

ነርስ መባ፦
ዳጊ፣ አትግባ። ሰው የሚቋቋመው ሙቀት ጀርምን አይገድልም፤ እንዲያውም ሙቅ ውኃ ቅርፊቱን አልፍስፍሶ ቁስሉን ይከፍተዋል። ብዙ ሰው የሚዋኝበት ገንዳ ክሎሪን ቢኖረውም ያው ነው። በላስቲክ የታሸገውም እግርህን ስታንቀሳቅስ ውኃ ያስገባል፣ የገባው ደግሞ አይወጣም።

ለማስፈራራት አይደለም፣ ግን አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ነው። የ31 ዓመት ሰው እግሩ ላይ ታቱ ባሠራ በ5ኛው ቀን ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዋኘ፣ በቁስሉ የባሕር ጀርም ገባበትና በኋላ ሞተ። ሰውዬው ጉበቱ አስቀድሞ የታመመ ነበር፣ ጀርሙም የሙቅ ጨዋማ ውኃ ነው፤ ሶደሬ ላይ ያ ይደርስብሃል አልልም። ሆኖም ማንኛውም የሚዋኙበት ውኃ፣ ሐይቅም ይሁን ገንዳ፣ ለተከፈተ ቆዳ አይሆንም። ሻወር ግን ትችላለህ፣ አጭር ይሁን፣ ውኃው በቀጥታ አይምታው።

ዳጊ አዳማ፦
እሺ እህቴ፣ ቲኬቱን ለልጆቹ ብቻ እቆርጣለሁ። መቼ ነው ታዲያ መዋኘት የምችለው? በምን አውቃለሁ?

ነርስ መባ፦
ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፣ ግን ከቀኑ ይልቅ ቆዳውን እየው። ቅርፊቱ በሙሉ ራሱ ወድቆ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሚያብረቀርቅ ስስ ቆዳ ጠፍቶ፣ በጣትህ ስትዳብሰው ከዙሪያው ቆዳ ጋር እኩል ሲሆንልህ ነው። ቁርጭምጭሚት ካልሲና ጫማ ስለሚፈትገው ከክንድ ይዘገያል። እሑድ ሰፋ ያለ ንጹሕ ጥጥ ካልሲ አድርግ፣ ከገንዳው ዳር ስትቀመጥ የልጆቹ ርጭት ከነካህ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀህ አድርቀው።