«ሙኸለጥ» በአማርኛ ምን ይባላል? (ድብልቅ አትበሉኝ)

ጠያቂዋ፦ ሻርጃ ሽቶ ቤት ነው የምሠራው። ባለቤቱ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ሙኸለጥ የሚሉትን ሽቶ ሲሠሩ የጣኢፍ ጽጌረዳ፣ ሰንደል፣ ዐንበርና የዑድ (የመዓዛማው እንጨት) ዘይት በመስታወት ዘንግ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያዋህዱና ክዳኑን ገጥመው «ኸሊ ዪርታሕ» ይላሉ፤ ይረፍ ማለታቸው ነው። ለወጣቶቹ ዑዱን ቀነስ አድርገው በአልኮል ያቀጥኑትና የሚረጭ ያደርጉታል። ለአበሻ ደንበኛ በአማርኛ ለጥፊበት ሲሉኝ «ድብልቅ ሽቶ» ብዬ ጻፍኩ። ትናንት አንዲት እህት አነሳችውና «ድብልቅ? ምን ጨምረውበት ነው?» ብላ መለሰችው። ምን ልበለው? ለነገ ጠዋት ይፈለጋል።

የቆሎ ተማሪ፦ ልጅቱ ልክ ናት። ገበያ ውስጥ ድብልቅ ማለት ቅቤ ላይ ሙዝ፣ ማር ላይ ስኳር ነው። «ቅልቅል» በይው። ዮሐንስ 19፥39 ላይ ኒቆዲሞስ ይዞት የመጣው የከርቤና የእሬት ቅልቅል ነው፤ ያውም መቶ ንጥር። ከዚህ የበለጠ ሙኸለጥ አለ?

ወለተ ሸዋ፦ ቅልቅል ስትያት ሙሽሮቹ የት ናቸው ትልሻለች 😂

ባለቅኔው፦ እዚያ ጥቅስ ላይ ያለው እሬት የጓሯችን መራራ እሬት እንዳይመስላችሁ። ብዙዎች የሚሉት መዓዛው የታወቀው የሕንድ እንጨት ነው፤ ዐረቦቹ ዑድ የሚሉት። ዑድ ደግሞ ከግዕዙ «ዖደ» የወጣ ነው። ዑደት፣ ዐውድ፣ ዐውደ ምሕረት። ጢሱ ይዞራላ!

የቆሎ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ዑድ በዐረብኛ እንጨት ማለት ነው። ባለ አውታሩ ዑድም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እሱም ይዞራል ሊሉን ነው? የእርስዎ ሥርወ ቃል ጉባኤ ቃና ሳይሞላ ከቅኔ ቤት የወጣ ነው።

ባለቅኔው፦ አንተ ፊደል ስትቆጥር እኔ ዘርፌ ጨርሻለሁ።

ወሎዬው፦ ሰዎች፣ ልጅቱ ነገ ጠዋት ብላለች። «ውሕድ» ቢባልስ? ራሷ እኮ «ያዋህዱና» ብላ ጽፋለች።

የቆሎ ተማሪ፦ ቀስ በል! የመለኮትና የሥጋ ተዋሕዶ ያለ ቱሳሔ ነው፤ መቀላቀል የለበትም። ሙኸለጥ ግን «ኸለጠ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ቀላቀለ። ራሱ ቱሳሔ ነው።

ወሎዬው፦ እስቲ አፍንጫህን ጠይቅ። እህቴ ከጅዳ የላከችልኝ አለ። ጠዋት አንጓዬ ላይ ነካ ሳደርገው ጽጌረዳው ይቀድማል፣ ከሰዓት ዑዱ ይመጣል፣ ማታ ጋቢዬ ላይ ምስኩ ብቻውን ቀርቷል። ሁሉም በየተራው ራሱን ችሎ እየመጣ ተቀላቀለ ይባላል?

የቆሎ ተማሪ፦ እንዲያማ ከሆነ ኅድረት ነው፤ አንዱ በሌላው ማደር እንጂ መዋሐድ የለበትም። ንስጥሮስን ሽቶ ቤት አስገባኸው!

ወለተ ሸዋ፦ የኤፌሶን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ431 ያወገዘውን ሰው በሩብ ቶላ ጠርሙስ መለሳችሁት። 3 ሚሊ እኮ ነው!

ባለቅኔው፦ ወደ ቁም ነገሩ። የሽቱ ግዕዙ «ዕፍረት» ነው። ማርያም እንተ ዕፍረት ትባል የለም?

ወሎዬው፦ በዛሬ ንባብ ዐይኑና አልፋው አንድ ሆኖ «እፍረት፣ 12 ሚሊ»። ማን ገዝቶ ይቀባል?

ወለተ ሸዋ፦ ሽቶ ቀማሚ እንል የለ? «ቅምም ሽቶ» በይውና ተገላገይ።

የቆሎ ተማሪ፦ ቅምም ሲባል እኔ አዋዜ ነው የሚሸተኝ። በዚያ ላይ ቀማሚ የሚጨምረው አንዱን ለማጣፈጥ ነው፤ ሙኸለጥ ውስጥ ግን ወጡ የትኛው፣ ቅመሙ የትኛው?

ወሎዬው፦ ወጡ ዑዱ ነዋ።

የቆሎ ተማሪ፦ ዑዱን ለወጣቶቹ ይቀንሱታል ተብሏል። ወጥ ይቀነሳል?

ወለተ ሸዋ፦ ዝባድ (የጥርኝ ሽቱ) ያለበት ከሆነ ደግሞ ስሙንም ዕቃውንም እናውቀዋለን፤ ከከፋ በቀንድ ታጭቆ ሲወጣ የኖረ ነው።

ጠያቂዋ፦ ሱቁ ተከፈተ፣ ወረቀቱ ባዶ ነው። ለጊዜው እንዳለ «ሙኸለጥ» ብዬ ልጻፈው?

ባለቅኔው፦ በየትኛው «ኸ»? የዐረብኛው ኻ በግዕዝ ብዙኃኑ «ኀ» ነው። «ሙኀለጥ» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

የቆሎ ተማሪ፦ ይሄንንስ ከየት አመጡት?