የጋራ መኖሪያ ቤት ዕቅድ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንቅረጽ

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን አባላት። ሆም ኦፊስ (የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የጥገኝነት ጥያቄያቸውን ተቀብሎ ወረቀት ከሰጣቸው በኋላ እዚሁ ለንደን ጎዳና ላይ ስለሚወድቁት ልጆቻችን ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ በዚህ ወር መጨረሻ ማለቅ አለበት። እስካሁን ሁለት ነገር ተነሥቷል። አንደኛው እሑድ እሑድ ምግብና ልብስ ማደል ነው። ሁለተኛው ቤት ላጡ ሰዎች የጋራ መኖሪያና ሥራ እንደሚሰጠው ኤማሁስ የተባለ ድርጅት፣ እኛም ቤት ይዘን ሰዎቹ አብረው እየኖሩና እየሠሩ እንዲቋቋሙ ማድረግ ነው። የተስማማንበትን እየለቀምኩ ረቂቁ ውስጥ አስገባለሁ።

ሆስቴል ውስጥ የምትሠራ አባል፦
መጀመሪያ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ እንተያይ። ወረቀት ያገኘ ላጤ ከሆም ኦፊስ ቤት እንዲወጣ የሚሰጠው 28 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ለሙከራ ወደ 56 ቀን ከፍ ብሎ ነበር፤ ለላጤዎች ግን ተመልሶ ወረደ። የዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ማለትም የመንግሥት የኑሮ ድጎማ፣ የመጀመሪያ ክፍያ ደግሞ 5 ሳምንት ይፈጃል፤ 35 ቀን ማለት ነው። ልጁ በዕለቱ ቢያመለክት እንኳ ገንዘቡ ሳይመጣ ቤቱን ይለቃል። ቅድመ ክፍያ መውሰድ ይቻላል፣ ግን በየወሩ እየተቆረጠ የሚመለስ ዕዳ ነው። ቤት ፍለጋ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ቢሄድም፣ ጤነኛና ልጅ የሌለው ወጣት ከሆነ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ስለማይቆጠር ብዙውን ጊዜ ምክር ተቀብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የጓደኛ ወለል፣ የሌሊት አውቶቡስና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። የእሑድ ምግብ የዚያን ቀን ረሃብ ያስታግሳል፤ ሰኞ ጠዋት የሚነሣበትን ምክንያት ግን አይሰጠውም።

ነባር አባል፦
ልጄ፣ ያልሽው እውነት ነው። እኔ ግን ኤማሁስ የሚባለውን አላውቀውም፤ ከወንጌሉ በቀር። ሃይማኖታዊ ድርጅት ከሆነ ሙስሊም ወንድሞቻችንስ?

ሆስቴል ውስጥ የምትሠራ አባል፦
ጋሼ፣ ሃይማኖት አይጠይቁም፤ ማንም ይገባል። አጀማመሩ እ.ኤ.አ. በ1949 ፓሪስ አጠገብ ኑዪ ፕሌዛንስ በሚባል ሰፈር ነው። አቤ ፒየር የሚባሉ ቄስ፣ በዚያን ጊዜ የፓርላማ አባልም ነበሩ፣ ዦርዥ የሚባል ሰው ይገጥማቸዋል። በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ለዓመታት ፈረንሳይ ጉያና ታስሮ የተመለሰና ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈ ሰው ነው። ቄሱ ገንዘብ አልሰጡትም። የምሰጥህ የለኝም፣ ይልቅ ቤት ለሌላቸው ቤት ስሠራ አግዘኝ አሉት። ሰውየው የዳነው በዚያ ነው። በኋላ ተሰብስበው የሰው ጥራጊ እየለቀሙ፣ ጨርቅና ብረት እየሸጡ መተዳደር ጀመሩ።

እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው የኤማሁስ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1991 ካምብሪጅ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ሴልዊን ኢሜጅ በተማሪነታቸው ፓሪስ ኤማሁስ ውስጥ በፈቃደኝነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ወደ 30 ይጠጋሉ፤ እኛ አጠገብም ግሪንዊችና ሳውዝ ላምቤዝ አሉ። ነዋሪዎቹ ባልንጀሮች ይባላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ክፍል አለው፣ ምግብ በጋራ ነው፣ በየሳምንቱ የኪስ ገንዘብ ያገኛል። በምትኩ በአቅሙ ልክ ሙሉ ሳምንት ይሠራል፦ ያገለገለ ዕቃ ከየቤቱ መሰብሰብ፣ መጠገን፣ ሱቅ ውስጥ መሸጥ፣ ወጥ ቤት። ከሃውሲንግ ቤኔፊት (ከቤት ኪራይ ድጎማ) በቀር ዋናዎቹን የመንግሥት ድጎማዎች ይተዋል። የሚቆይበት ጊዜ አስቀድሞ አይወሰንም። እኔ በምሠራበት ዓይነት ሆስቴል ግን ሰው ገና ሻንጣውን ሳይፈታ መቼ ትወጣለህ ይባላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ልቤ ከሁለተኛው ሐሳብ ጋር ነው፤ ግን የሒሳቡንና የሕጉን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። ማኅበራችን የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው የቤት ኪራይ ውል በስሙ መፈረም አይችልም። የሚፈርሙት የኮሚቴ አባላት በግላቸው ናቸው፤ ኪራይ ቢጓደል ተጠያቂዎቹም እነሱ ናቸው። ስለዚህ አስቀድሞ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በሚመዘግበው ቻሪቲ ኮሚሽን ዘንድ በራሱ ስም ውል መግባት የሚችል ድርጅት ሆነን መመዝገብ አለብን። ዝምድና የሌላቸው 5 ሰዎች በአንድ ቤት ሲኖሩ ከካውንስሉ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ብዙ የለንደን ካውንስሎች ደግሞ ከ3 ሰው ጀምሮ ይጠይቃሉ። 4 ሰው ብናስገባ ፈቃድ አያሻንም የሚለው አባባል ከረቂቁ ይውጣ። በእድር ሣጥን ያለው ገንዘብም ለቀብር የተዋጣ ነውና አይነካ።

አስተናጋጅ ኮሚቴ፦
ለሴቶች ቤቱ አይመችም የሚል ስጋት ከእኅቶች ደርሶናል። በተለይ የገልፍ አገሮችን አልፈው የመጡ፣ በአሠሪ ቤት የደረሰባቸውን የማይናገሩ አሉ።

ሆስቴል ውስጥ የምትሠራ አባል፦
ይህ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ኤማሁስን ስናነሣም ልንደብቀው አንችልም። በሐምሌ 2024 ድርጅቱ ራሱ ባስጠናው ጥናት አቤ ፒየር በሴቶች ላይ ጾታዊ ጥቃት ፈጽመዋል የሚሉ ምስክርነቶች ይፋ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ተጨመሩ። በስማቸው ይጠራ የነበረው ፋውንዴሽን ስሙን ለውጧል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሰው በጣም የተከበረ ሲሆን ተበዳይ የሚናገርበት ቦታ እንደሚያጣ ነው። በእኛም ዘንድ አባ፣ ሼኽ፣ ጋሼ የተባለን ሰው ማን ይከሳል? ስለዚህ የሴቶች ቤት ለብቻው ይሁን። ቤቱ ውስጥ የሚያገለግል ሁሉ፣ ሽማግሌም ካህንም ቢሆን፣ የዲቢኤስ ማጣሪያ (የወንጀል ሪከርድ ምርመራ) ይለፍ። አቤቱታ የሚቀበለው ደግሞ ከማኅበራችን ውጭ የሆነ ሰው ይሁን።

ነባር አባል፦
እስማማለሁ። እኔም እመረመራለሁ፤ ቅር አይለኝም።

ወጣት አባል፦
ጎዳና ላይ ያደርኩ ስለሆንኩ ልጨምር። ምግብ የሚሰጡኝ ሰዎች ደግ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ሁልጊዜ ተቀባይ ስትሆን ከሰው መሸሽ ትጀምራለህ። ለዚያ ነው የሀበሻ ሠርግና ለቅሶ የማይታዩት፤ እናንተ ጠፉ ትላላችሁ፣ እነሱ ባዶ እጃቸውን መምጣት አፍረው ነው። አንድ ጓደኛዬ ኤማሁስ ገብቶ ቫን ላይ ዕቃ ጫኝ ሆነ። ስልክ ደውሎ መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ክፍሉ አይደለም፤ «ነገ ሥራ ገቢ ነኝ» ነው ያለኝ።

ስለዚህ የምለው፣ የራሳችንን ቤት ከመክፈታችን በፊት ያሉት ቤቶች በር ድረስ ሰው እናድርስ። ብዙ ልጆች መኖሩን አያውቁም፤ የሚያውቁትም በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ይፈራሉ። ደግሞ የቤቱን ሕግ ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው፦ በግቢው መጠጥና ዕፅ የለም። ጫትም እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ይህን ስብከት አታድርጉት፤ ከሱስ ለመውጣት የሚፈልገውን ሐኪም ጋ የሚያደርስ ሰው መድቡለት።

ነባር አባል፦
ወንድሜ፣ ተባረክ። የእኛ ቡና ጠጡ የሚባለውም እዚህ ይግባ። ልጁ ኤማሁስ ሲገባ ሐበሻ ሁሉ የራቀው እንዳይመስለው፣ በየወሩ የሚጠራው አንድ ቤተሰብ ይኑረው። ዓውደ ዓመት ሲመጣ ደግሞ ጾም መፍቻም ሆነ ኢድ ብቻውን አይዋል። ይህን እኛ ሽማግሌዎች እንያዝ።

ገንዘብ ያዥ፦
እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ የአስተርጓሚ ትራንስፖርትና የምዝገባ ጣጣ ብቻ ነው፤ በመዋጮ እንችለዋለን። ቤቱ በሁለተኛው ዓመት ይምጣ። ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ በ28ኛው ቀንና ኤማሁስ ክፍል በሚገኝበት ቀን መካከል ያለውን ክፍተት ካልሸፈንን ልጁ እዚያው መሃል ይወድቃል። ትርፍ ክፍል ያላቸው አባላት ለአጭር ጊዜ የሚያሳድሩበት ዝርዝር እናዘጋጅ። ተከራይ የሆነ ግን ባለቤቱን፣ ድጎማ የሚቀበል ደግሞ ድጎማው እንዳይነካ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጸሐፊ፦
ረቂቁን በዚህ መልክ አስተካክዬዋለሁ። የእሑዱ ምግብ አልተሰረዘም፤ ግን ከማደል ወጥቶ ቤት ያጡትም የሚያበስሉበት የጋራ ምሳ ይሆናል። አንደኛ ዓመት፦ ምዝገባ፣ ካሉት ማኅበረሰቦች ጋር ስምምነት፣ አስተርጓሚ፣ የአጭር ጊዜ ማረፊያ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቤተሰብ። ሁለተኛ ዓመት፦ የሴቶች ቤት በቅድሚያ። የአቤቱታው አንቀጽ እንደ ተጻፈ ይቀመጣል።

ያልተስማማነው ቤቱ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ነው። የእንጀራ መጋገሪያ ይሁን የሚሉ አሉ፤ የዕቃ ጥገና የሚሉም አሉ።

ወጣት አባል፦
እሱን ለጉባኤው አትወስኑት። የሚገቡት ሰዎች ይወስኑት።

ጸሐፊ፦
እንዲያ ብዬ ጻፍኩት። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ማታ ያሳውቀኝ። ግሪንዊች ሄዶ የሚያነጋግር ሦስት ሰው እፈልጋለሁ፤ አንዷ ሴት ትሁን።

አስተናጋጅ ኮሚቴ፦
እኔ እሄዳለሁ።

ነባር አባል፦
እኔም፤ መኪናው የእኔ ይሁን።