«ስለምን ተጠራጠርህ?»፦ ናፈቀ፣ ጎደለ፣ ካደ፣ ተጋ

ዓባይ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት ማቴዎስ 14ን እያነበብን ነው። ጴጥሮስ በውኃው ላይ ሲሄድ፣ ነፋሱን ሲያይ፣ መስጠም ሲጀምር። የያዝነው የ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ «አንተ እምነት የጎደለህ፥ ስለምን ተጠራጠርህ?» ይላል። አንዲት ልጅ «እምነት የለውም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ቀበል አድርጎ «እንግዲያ መናፍቅ ነበራ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በግእዝ «ተጠራጠረ» የሚባለው «ናፈቀ» ነው፤ «መናፍቅ»ም የወጣው ከዚያው ነው። ናፈቀ፣ ናፍቆት፣ መናፍቅ ምንና ምን ናቸው? «የጎደለህ»ስ «የሌለህ» ማለት ነው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እት ዓለም፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ልጁም ቢሆን ሳያስበው ትክክለኛውን ሥር ነው የነካው።

ከ«መንፈቅ» እንጀምር። መንፈቅ ግማሽ ነው። መንፈቀ ሌሊት እንላለን፣ የሌሊቱ እኩሌታ። ትምህርት ቤት የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ይባላል። የጂኦግራፊው ንፍቀ ክበብም የክቡ ግማሽ ነው። ቅዳሴ ላይ ከሠራዒው ካህን ጎን የሚቆመው ንፍቅ ካህን፣ ከሠራዒው ዲያቆን ጎን ያለው ንፍቅ ዲያቆን ይባላል። የግእዙ «ናፈቀ» ከዚህ ቤተሰብ ነው። ለሁለት ተከፈለ፣ ልቡ አንድ አልሆን አለው፣ ተጠራጠረ።

ይህን ይዘሽ ወደ ጴጥሮስ ተመለሺ። ጥያቄው «ለምን ካድህ?» አይደለም። «ለምን አላመንህም?»ም አይደለም። «ለምን ለሁለት ተከፈልህ?» ነው። ጴጥሮስ አንድ ዓይኑ ጌታ ላይ ነበር፣ አንድ ዓይኑ ማዕበሉ ላይ። የሚገርመው የግሪኩም ቃል «ዲስታዞ» የተሠራው «ዲስ» ከሚለው፣ ሁለቴ ከሚል ቃል ነው። በአዲስ ኪዳን ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ማቴዎስ ውስጥ ናቸው። አንዱ ይኸው የባሕሩ ነው። ሌላው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ገሊላ ተራራ ላይ ከትንሣኤ በኋላ ጌታን ሲያዩት ነው። «ባዩትም ጊዜ ሰገዱለት፤ የተጠራጠሩ ግን ነበሩ።» ስግደቱና ጥርጣሬው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀጥሎ «ሂዱና አሕዛብን ሁሉ ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው» ብሎ የላካቸው እነዚያኑ ነው። የተጠራጠሩት ወደ ኋላ ይቅሩ አላለም።

«መናፍቅ» ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በሃይማኖት ክርክር ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተለየውን መጥሪያ ሆነ፤ ዛሬም በነገረ መለኮት ቋሚ ቦታ አለው። በመንገድ ላይ ግን ስድብ ሆኗል። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ይወረውረዋል። እኔ ይህን ስሰማ ያመኛል። የቃሉን ሥር የሚያውቅ ሰው ለሁለት የተከፈለ ልብ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያውቃል፤ ይህን ለማላገጫ አያውለውም።

ናፍቆትን በተመለከተ፣ እንደ እኔ ንባብ መንገዱ ቅርብ ነው። ልጇ ዓረብ አገር የሄደባት እናት ግማሽ ልቧ እዚህ፣ ግማሽ ልቧ እዚያ ነው። አማርኛው መከፈሉን ከጥርጣሬ ወደ ፍቅር ወሰደው። አንድም ብሎ ለሚተረጉም ሰው እዚህ ላይ ብዙ ነገር አለ፤ ለዛሬ ልለፈው።

«የጎደለህ» ላይ ደግሞ አማርኛው ወርቅ ነው። ጎደለ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። እንስራው ጎደለ ስንል ውኃ አለበት፣ እስከ አፉ ግን አልሞላም። ግእዙም «ሕጹጻነ ሃይማኖት» ይላል፤ ሕጸጽ ጉድለት ነው። ማቴዎስ ላይ ይህ ቃል አራት ቦታ አለ፦ 6፥30፣ 8፥26፣ 14፥31፣ 16፥8። ስለ ልብስና ስለ አበባ ሲያስተምር፣ በታንኳው ውስጥ ማዕበል ሲነሣ፣ ጴጥሮስ ሲሰጥም፣ እንጀራ አልያዝንም ብለው ሲጨነቁ። የተነገረው ለተከተሉት ሰዎች ነው። ፈሪሳውያንን አንድም ጊዜ «እምነት የጎደላችሁ» አላላቸውም። ጎደለ የሚባለው መቼም ያለው ነገር ነው።

ሉቃስ 22፥32ን ደግሞ ከጎኑ አስቀምጪው። «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ።» እንዳይጠፋ ነው ያለው። በመጉደልና በመጥፋት መካከል ያለውን ርቀት ለዚያች ልጅ ካሳየሻት መልሱን አገኘች ማለት ነው።

ዘጌ፦
እኔ ግእዝ አልተማርሁም፤ ውኃውን ግን አውቀዋለሁ። ትንሽ ልጨምር።

የገሊላውን ሐይቅ ወንጌል «ባሕር» ይለዋል። እኛም ጣናን ባሕር ነው የምንለው፤ የከተማችን ስም ምስክር ነው። ሁለቱም ጨው የሌላቸው ሐይቆች ናቸው። ማርቆስ 4፥1 ላይ «ደግሞም በባሕር ዳር ሊያስተምር ጀመረ» ይላል። እኛ ቤት ሕፃናት ይህን ሲሰሙ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ያስተማረ ይመስላቸዋል። ግን በመልክ ይለያያሉ። ጣና ሰፊ ነው፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ። የገሊላው ወደ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ጥልቀቱ ግን 40 ሜትር ያልፋል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ያኛው ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ነፋሱ ከኮረብታው ተወርውሮ ይወርድበታል።

«ታንኳ»ም አለላችሁ። ባሕር ዳር ዛሬ እንግዳ የሚያመላልሰውን ባለ ሞተር «ጀልባ» እንላለን። ታንኳ የደንገሉ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል። ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ ሲመለስ ዳር ላይ ወጥቶ መድረቅ አለበት። የጴጥሮስ ግን የእንጨት ነበር። በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከገሊላ ሐይቅ ጭቃ ውስጥ የአንደኛው ክፍለ ዘመን ጀልባ ወጥቷል፤ ርዝመቱ 8 ሜትር ከምናምን ነው። አሥራ ሁለት ሰው በደንገል ታንኳ ላይ እያሰባችሁ ከሆነ አይሆንም።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ዮሐንስ 6፥19 «ሀያ አምስት ወይም ሠላሳ ምዕራፍ» ቀዘፉ ይላል። ምዕራፍ የመጽሐፍ ክፍል አይደለም እንዴ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ምዕራፍ ከ«ዐረፈ» ነው፤ ማረፊያ ማለት ነው። መንገደኛ የሚያርፍበትም፣ አንባቢ የሚያርፍበትም። እዚህ ቦታ ላይ ግን የግሪኩን «ስታዲዮን» መለኪያ ተክቶ ነው የገባው። አንዱ 185 ሜትር ገደማ ነው።

ዘጌ፦
እንዲህ ከሆነ ሁሉም 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነዋ! ከዚህ እስከ ዘጌ እንኳ አያደርስም። ማቴዎስ ደግሞ ጌታ የመጣው «ከሌሊቱም በአራተኛው ክፍል» ነው ይላል፤ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 እስከ 12 ማለት ነው። ከምሽት ጀምረው ሌሊቱን ሙሉ ቀዝፈው 5 ኪሎ ሜትር። ነፋስ ከፊት ሲመጣ መቅዘፍ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክንድ ይዝላል፣ መዳፍ ይላጣል፣ ዳሩም ባለበት ይቆማል። ጴጥሮስ ከዚያ ድካም ላይ ተነሥቶ ነው «ወደ አንተ እንድመጣ እዘዘኝ» ያለው። ስንሰብክ መስጠሙን ብቻ እናወራለን። ከታንኳው የወረደው እሱ ብቻ መሆኑን ለምን እንረሳለን?

ሽምብጥ፦
ውይይቱን በደንብ ተከታትዬዋለሁ፤ ተባረኩ። እኔን የሚያስቸግረኝ «ካደ» ነው። ጴጥሮስ ካደ፤ ይሁዳ አሳልፎ ሰጠ። ዛሬ «ከሃዲ» ስንል ግን ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው የምናስበው፤ ወገኑን የሸጠ፣ አገሩን የሸጠ። በዚህ ጆሮ ሲሰማ ጴጥሮስና ይሁዳ አንድ ይሆናሉ። ቃሉ መጀመሪያ ምን ነበር?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መካድ መጀመሪያ «የለም፣ አይደለም፣ አላውቅም» ማለት ነው። የተበደረ ሰው ብድሩን ካደ እንላለን። ተከሳሽ ክሱን ካደ እንላለን። ጴጥሮስም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ያለው «ሰውየውን አላውቀውም» ነው። ማንንም አልሸጠም፤ አፉ ግን ራሱን ለማዳን ዋሸ።

አሁን ማቴዎስ 16፥24ን አውጡ። «እኔን መከተል የሚወድ ቢኖር፥ ራሱን ይካድ መስቀሉንም ተሸክሞ ይከተለኝ።» ግሱ ያው ነው፤ ግሪኩም በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ጴጥሮስ ይህን ሲሰማ እዚያው ነበረ። ስለ ራሱ «ይህን ሰው አላውቀውም» ማለት ይገባው ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ቃሉን ገለበጠው። ራሱን አወቀ፣ ጌታውን አላውቅም አለ። ለእኔ የወንጌል ደቀ መዝሙርነት ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማወቅ የማይቻልበት ሰዓት ይመጣል። ጴጥሮስን የመጣበትም በሊቀ ካህናቱ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ወታደር ሰይፍ መዝዞበት አይደለም፤ አንዲት ገረድ ናት የጠየቀችው።

ሽምብጥ፦
ስለ ግቢው ካነሣህ አይቀር፣ ዮሐንስ እሳቱን «የፍም እሳት» ይለዋል። ብርድ ነበር፣ ሎሌዎቹ ይሞቁ ነበር፣ ጴጥሮስም አብሮ ይሞቅ ነበር። ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ በባሕሩ ዳር «ፍምና ዓሣ በላዩ ተቀምጦ እንጀራም አዩ» ይላል። ይህ ፍም በአጋጣሚ ነው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በአጋጣሚ አይመስለኝም። የግሪኩ ቃል በአዲስ ኪዳን በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ነው ያለው። ተርጓሚዎቻችንም በሁለቱም «ፍም» ብለው ጠብቀውታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ሦስት ጊዜ የካደው ፍም ዳር ነው። ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» የተባለውም ፍም ዳር ነው። ጌታ ስለዚያች ሌሊት አንድ ቃል አላነሣበትም። ቁርስ አብልቶ ነው የጠየቀው። በሦስተኛው ጥያቄ ጴጥሮስ አዘነ ይላል፤ ለምን እንዳዘነ ፍሙን ያየ አንባቢ አይጠፋውም።

ስሙንም አስተውሉ። ዓለት ብሎ የሰየመው እሱ ራሱ ነው፤ እዚህ ግን «የዮና ልጅ ስምዖን» ይለዋል። ወደ እናት አባቱ ስም መለሰው።

ዓባይ ማዶ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። ጌቴሴማኒ ላይ «ትጉና ጸልዩ፤ መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» የሚለው አለ። ልጆቹ «ትጉ»ን «ጠንክራችሁ ሥሩ» አድርገው ነው የሚረዱት። «ደካማ»ን ደግሞ «የማይረባ» አድርገው።

ግሽ ዓባይ፦
ይህን ለእኔ ተዉልኝ። ትጋት ዛሬ የሥራ ቃል ሆኗል፤ ትጉህ ሠራተኛ፣ ትጉህ ተማሪ። የግእዙ «ተግሀ» ግን ነቃ፣ ሳይተኛ አደረ ነው። ትጉህ እረኛ ማለት በጎቹ ተኝተው እሱ የነቃ ነው። ማርቆስ 14፥37 ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ስምዖን ሆይ፥ ተኝተሃልን?» ካለ በኋላ ነው አንዲት ሰዓት ልትተጋ አልቻልህምን የሚለው። ስለዚህ ለልጆቹ «ትጉ»ን «አትተኙ፣ ከእኔ ጋር ንቁ» ብለሽ ንገሪያቸው። ማሕሌት ቆመው ያደሩ ስለሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል።

«ደካማ» ላይ ያለው ጉዳይ የሚያሳዝነኝ ነው። በቤታችን «ደካማ እናት አለችኝ» የሚል ሰው እናቱን አይሰድብም። ጉልበቷ አልቋል፣ የሚደግፋት ትፈልጋለች ማለቱ ነው። «ድካሜን አትርሱ» ስንል ደግሞ ልፋቴን ማለታችን ነው። ድካም የለፋም የዛለም ሰው ቃል ነው። «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ፥ ወደ እኔ ኑ» ሲል የጠራው የማይረቡትን አይደለም፤ ተሸክመው የደከሙትን ነው። ጌቴሴማኒ ላይ የተኙትን ደቀ መዛሙርት ሉቃስ «ከኀዘን የተነሣ» ተኝተው አገኛቸው ይላል። እንግዲህ ጌታ «ሥጋ ደካማ ነው» ያለው በተኙት ላይ ሲፈርድ ነው ወይስ ሲራራላቸው? አረፍተ ነገሩን በ«ደካማ እናት አለችኝ» ድምፅ አንብቡት። እኔ እንዲያ አንብቤው ከዚያ ወዲህ በሌላ ድምፅ ማንበብ አቅቶኛል።

ዓባይ ማዶ፦
ሉቃስ ላይ ያለውን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት ንባባችን እሱ ነው፤ «ከኀዘን የተነሣ» የሚለውን ቀይ አስምሬበታለሁ።