ከተዳፋት መሬት ጋር የሚስማማ ትንሽ ቤት፦ ንድፉን በምን እንመዝነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴና እኔ ከ120 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቤት በአርክቴክት እያስነደፍን ነው። ቦታው ተዳፋት ሲሆን በላይኛው በኩል አለት፣ መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ዛፍ አለው። ባለሙያው ንድፉ ከአካባቢው ተፈጥሮ የተቀዳ መሆኑን ደጋግሞ ቢነግረንም፣ ለእኛ ጎልቶ የሚታየን የፊት ግድግዳው የድንጋይ ልባጥ ብቻ ነው። ቤቱ በእርግጥ ለዚህ ቦታ የታሰበ መሆኑን በምን እናውቃለን?

መልስ 1፦
የፊት ገጽታውን ለጊዜው ይተዉትና ቤቱ ተቆርጦ ከጎን የሚታይበትን ሴክሽን የሚባለውን ሥዕል ይጠይቁ፤ የነባሩ መሬት መስመርም አብሮ እንዲሠመርበት ያድርጉ። ወለሉ አንድ ወጥ ሆኖ ተዳፋቱን የሚያስቆርጥና የሚያስሞላ ከሆነ፣ የቁፋሮው፣ የሙሌቱና የድጋፍ ግንቡ ወጪ ግድግዳ ሳይጀመር ከበጀትዎ ብዙ ሊወስድ ይችላል። ወለሉ በሁለት ወይም በሦስት እርከን ከመሬቱ ጋር እየወረደ ከሄደ ግን፣ አንድም ድንጋይ ባይለብስ ለቦታው የተነደፈ ነው። ልባጡ ገንዘብ ከተረፈ የሚታሰብ ነገር ነው።

አነስተኛ በጀት ለዚህ ዓይነቱ ንድፍ እንቅፋት አይደለም። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት እ.ኤ.አ. በ1937 በማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ለጄከብስ ቤተሰብ የሠራው ቤት የእርሱን ክፍያ ጨምሮ 5,500 ዶላር ገደማ ነበር የፈጀው። ምድር ቤቱን ትቶ፣ በዝግ ጋራዥ ፈንታ ለመኪናው ጣሪያ ብቻ ሰጥቶ፣ ቤቱን ጀርባውን ለመንገድ አዙሮ በሰፋፊ መስታወት ወደ አትክልቱ ከፈተው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ነፋሱንና ፀሐዩንም አይርሱ። ሰፊ ክፍክፍ ያለው ቤት ሁሉ ለተፈጥሮ የቀረበ ይመስለናል፤ ነገር ግን በካሊፎርኒያ ጠረፍ በሚገኘው ሲ ራንች በተባለው የመኖሪያ መንደር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ቤቶች፣ የባሕሩ ነፋስ ጣሪያውን እንዳይዘው ሲባል ያለ ክፍክፍ ተሠርተዋል። አርክቴክቱ ግሌን መርከት በአውስትራሊያ፣ በኬምፕሲ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራው የእርሻ ቤት ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ጣሪያው ተራ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ነፋሱን እንዲያሳልፍ ተብሎ የታሰበ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስኮት ለምን በዚያ አቅጣጫ እንደተቀመጠ ባለሙያውን ይጠይቁት፤ ምክንያቱን ሲያስረዳ ካመነታ ንድፉ ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል።

መልስ 3፦
ስለ ዛፉ አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲሆን፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። በዚያ ክልል ውስጥ ተከታታይ መሠረት መቆፈርም ሆነ አፈር መሙላት ዛፉን ቀስ በቀስ ሊገድለው ስለሚችል፣ በነጠላ ምሰሶዎች የሚቆም ወለል ይሻላል። ቅጠሉም አሸንዳውን መድፈኑ አይቀርምና ለጽዳት በቀላሉ መድረስ የሚቻልበትን መንገድ በንድፉ ላይ ያስገቡ።