የኩሬያችን ቆሮሶ ከመዳፍ አልበልጥ አለ፤ ከግቤ ግድብ ትልልቁን አምጥተን ብንተካውስ?

ጠያቂ፦ የሰርቦ ኩሬ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ወጣ ብሎ ሰርቦ አካባቢ በማኅበር የተቆፈረ 10 በ20 ሜትር የሆነ ኩሬ አለ። ጥልቀቱ ዳር ዳሩን 60 ሳንቲ ሜትር፣ መሐሉ 1 ሜትር ከ20 ነው። አምና ግንቦት 500 የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጫጩት ገባበት። ዓመት ሞልቶት በመረብ ሲሳብ ትልቁ 80 ግራም ነው፣ አብዛኛው ግን ከመዳፍ ያንሳል። ዳር ዳሩን ደግሞ ጥፍር የሚያህል ጫጩት ይተራመሳል። ምግቡ ፉርሽካ ነው፤ እበትም አልፎ አልፎ ይጨመራል። ዘሩ ነው መጥፎው? ከጊልገል ግቤ ግድብ ትልልቅ ዓሣ አምጥተን ብንተካውስ? ኩሬውን ለማጽዳት ዓሣ የሚገድለውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ መጨመር ነው የሚሉም አሉ። የምታውቁ ብትነግሩን።

መልስ 1፦ ኩሬ ቆፋሪ

ዘሩን አትውቀሱ። እነዚያ ከመዳፍ ያነሱት ዓሦች ወላጆች ናቸው። ቆሮሶ በሐይቅ ውስጥ ለመራባት የሚበቃው 10 ወይም 12 ወር ቆይቶ፣ 350 ግራምና ከዚያ በላይ ሲመዝን ነው። ኩሬ ውስጥ ግን በ5 ወይም በ6 ወሩ፣ 150 ወይም 200 ግራም ላይ ይደርሳል። ከተጨናነቀና ምግብ ካጠረው ደግሞ ገና 20 እና 30 ግራም እያለ መራባት ይጀምራል። የእናንተም ኩሬ የገባበት ችግር ይኸው ነው።

ወንዱ ዳር ላይ ጭቃውን ጫር ጫር አድርጎ እንደ ሳህን ጎድጓዳ ያበጃል፤ ሴቷ እዚያ ትጥልና እንቁላሉን መልሳ በአፏ ትይዛለች። ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ አንድ ሁለት ሳምንት አፏ ውስጥ ይቆያሉ፣ እስከዚያ ምግብ አትቀምስም። 100 ግራም የምትመዝን ሴት በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ልጆቿን ለቃ ትንሽ እንዳገገመች እንደገና ትጀምራለች። እንግዲህ የምትሰጧት ፉርሽካ ሁሉ ወደ እንቁላል ይሄዳል፤ የተወለደውም ጫጩት ከእናቱ ጋር ለዚያው ምግብ ይሻማል። ወንዱ ይህ ድካም ስለሌለበት በጣም ፈጥኖ ያድጋል።

መፍትሔው ወንዱን ለይቶ ማሳደግ ነው። ኩሬውን አፍስሱ፣ ዓሣውን በሙሉ አውጡ። ከ25 እስከ 50 ግራም ያሉትን እያነሣችሁ ሆዱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከጅራቱ በፊት ያለውን ቦታ ተመልከቱ። ከፊንጢጣው ኋላ ሾጠጥ ያለች ሥጋ አለች። ወንዱ ላይ ጫፏ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለ። ሴቷ ላይ ግን ከሽንቷ ቀዳዳ ሌላ አግድም የተሰነጠቀች የእንቁላል መውጫ ትታያለች። ካልታያችሁ ከፋርማሲ የሚገዛውን ወይን ጠጁን የቁስል መድኃኒት፣ ጂቪ የሚባለውን፣ በጥጥ ቀባ አድርጉት፤ ቀለሙ ስንጥቋ ውስጥ ሲገባ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከ25 ግራም በታች ያለውን አትሞክሩ፣ ትሳሳታላችሁ።

የቀጨጨ ዓሣ ቦታና ምግብ ሲያገኝ ተመልሶ ያድጋል። ስለዚህ አዲስ ጫጩት መፈለግ አያስፈልጋችሁም፣ 400 ወንድ ከዚያው ለቅማችሁ አስቀሩ። ለ200 ካሬ ሜትር በካሬ 2 ዓሣ በቂ ነው። የቀረውን ጥበሱት፣ ለዶሮም ይሆናል።

መልስ 2፦ የውኃ ነገር

ከላይ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ጅማ ላይ ከመራባት ሌላ ብርዱም አለ። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው፤ 28 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ይበላል፣ ከ20 በታች እድገቱ ይቀዘቅዛል፣ ውኃው 11 ወይም 12 ከደረሰ ይሞታል። እኛ ዘንድ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ዳር ላይ ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቀን ሞቆ ሌሊት ወዲያው ይቀዘቅዛል። ያ ጥልቀት ደግሞ ለእንቁላል መጣያ ጎጆው የሚመቸው ነው። ዳሩን ወደ 90 ሳንቲ ሜትር አውርዱት። ዛፍ ጥላውን የሚጥልበት ከሆነ ቅርንጫፉን ቁረጡ፣ ፀሐይ ይግባ።

ካፈሰሳችሁ በኋላ ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ይድረቅ፤ ሁለት ሳምንት ይበቃል። የአካባቢያችን ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ የእርሻ ኖራ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም፣ ለእናንተ ከ20 እስከ 40 ኪሎ፣ ወለሉና ግድግዳው ላይ በትኑ። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እበት ብትጨምሩ ውኃው አይለመልምም፣ ማለትም ዓሣው የሚመገበው ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር አይበዛበትም፤ ብዙ ሰው የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው። ውኃ ከሞላ ከሳምንት በኋላ በ100 ካሬ ሜትር 10 ኪሎ የላም እበት በየሳምንቱ ጀምሩ፤ ጥግ ላይ በእንጨት በታጠረ ክፍል ውስጥ ይሁን እንጂ አትበትኑት።

መለኪያው ክንዳችሁ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ እስከ ክርን ድረስ ውኃው ውስጥ አስገቡ። ጣቶቻችሁ ክርናችሁ ውኃ ሳይነካ ከጠፉ ውኃው አረንጓዴው በዝቶበታል፣ እበት አቁሙ። ክርናችሁ ገብቶም ጣቶቹ ቁልጭ ብለው ከታዩ ጨምሩ። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲጠቁር ግማሹን ብቻ ስጡ፤ አረንጓዴው ነገር ብርሃን ሲያጣ ኦክስጅን ማምረቱ ይቀንሳል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይበላዋል። ንጋት ላይ ዓሣው አፉን ወደ ላይ አውጥቶ አየር ሲስብ ካያችሁ ምግብም እበትም አቁማችሁ አዲስ ውኃ ልቀቁበት።

ለምግብ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ። ፉርሽካ ብቻውን ገንቢነቱ ያንሳል። በቀን የዓሣውን ክብደት 3 በመቶ ስጡ፦ 400 ዓሣ በ40 ግራም 16 ኪሎ ነው፣ 480 ግራም ምግብ። ለሁለት ከፍላችሁ ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ውኃው ሞቅ ሲል። በየወሩ 30 ያህል ይዛችሁ መዝኑና መጠኑን አስተካክሉ።

ውኃችሁ ከወንዝ ከሆነ ከላይ የእሸት ቡና መፈልፈያ አለ ወይ? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚለቀቀው የቡና እጣቢ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ አሲድም አለው። በእነዚያ ወራት መግቢያውን ዝጉ።

መልስ 3፦ የግቤ ዳር

ስለ ግድቡና ስለ ብርብራው ማንም ስላልመለሰ እኔ ልግባ።

ትልልቁን ከግቤ ማውጣት ጥፋት አለው። ከ600 ግራም እስከ 1 ኪሎ የምትመዝን ሴት በአንድ ጊዜ ከ1,000 እስከ 1,500 እንቁላል ትይዛለች፤ እሷን ማውጣት የብዙ ትንንሾችን ሥራ ማጥፋት ነው። አፏ ውስጥ ልጆች ይዛ መረብ ከነካት ደግሞ ትተፋቸዋለች፣ ያን ጊዜ መመለስ የለም። በተለይ ዳር ዳሩን የሚጎተት መረብ የወንዶቹን ጎድጓዳ ሁሉ ደልዳላ አድርጎ ይሄዳል። ግድቡ ለኃይል ማመንጫ ስለሆነ የውኃው መጠን ይወጣል ይወርዳል፣ ጎጆው በደረቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ ላይ መረብ ሲጨመር ዓሣው አይችለውም። ዓሣ አስጋሪ የሆናችሁ የመረባችሁን ዓይን በዚህ ፈትኑ፦ ከያዛችሁት ሴቶች 20 ያህሉን ሆዳቸውን ክፈቱ። ከግማሽ በላይ የሆኑት እንቁላል ያላዩ ከሆኑ ዓይኑ ጠባብ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ከሌላ ተፋሰስ የመጣ ቆሮሶም አታምጡ። የጣና፣ የአዋሽና የቱርካና ቆሮሶ በሳይንስ እንደ ተለያዩ ንዑስ ዝርያዎች የተመዘገቡ ናቸው። የኛ ውኃ፣ የጅማው አዌቱ ወንዝ ሳይቀር፣ በጊልገል ግቤ አድርጎ ኦሞ ይገባና ቱርካና ይደርሳል። ከኩሬ ያመለጠ ዓሣ ተዳቅሎ ይቀራል፣ ማንም ሊለየው አይችልም። መግቢያና መውጫው ላይ ጥፍር የሚያህለውን ጫጩት የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አድርጉ፤ ስታፈሱ ደግሞ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ እርሻ ልቀቁት። ከውጭ ማምጣት ግድ ከሆነ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስላለ መጀመሪያ የወረዳውን የዓሣ ሀብት ባለሙያ አነጋግሩ።

ብርብራ በፍጹም። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ውኃው ውስጥ አየር እያለ የዓሣው ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ትልቅ ትንሽ፣ ቆሮሶ አምባዛ አይለይም፤ የውኃ ነፍሳቱንም ይጨርሳል። የመርዙ ጥንካሬ ከፍሬ ፍሬ ስለሚለያይ ልክ የሚባል የለውም፣ ከኩሬው ካመለጠም ከታች ያለውን ወንዝ ይጨርሳል። ሊፈስ የሚችል ኩሬ ፀሐይና ኖራ ይበቃዋል። ብርብራውን ለቡናው ጥላ ተዉት።

የሰርቦ ኩሬ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ወንድ ስንለይ ጥቂት ሴት ብታመልጠንስ? እንደገና መሙላቱ አይደለም ወይ?

ኩሬ ቆፋሪ፦

ታመልጣለች፤ የለመደ ሰውም ከ10 አንዱን ይስታል። ለዚያ አምባዛ ጨምሩ፣ ለ400 ቆሮሶ 40 ያህል። የሚወለደውን ጫጩት እየለቀመ ይበላል፣ እሱ ራሱ ኩሬ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይራባም። ዋናው መጠኑ ነው፦ ቆሮሶው 40 ግራም ሲሆን አምባዛው ከ10 ግራም አይብለጥ። ትልቅ አምባዛ ካስገባችሁ ቆሮሶውን ራሱን ይውጠዋል። ዝናብ ባለበት ሌሊት በሣር ላይ ተስቦ ስለሚወጣ ዙሪያውን ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ሥሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ይሠራለት። ኩሬውን አሁን ክረምት ሳይገባ አፍስሱት፤ ዝናቡ ከጀመረ ወለሉ አይደርቅላችሁም።