ውሃ ታጥፎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ የሚለው ለምንድን ነው?

የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኮቫለንት ቦንድ ላይ አንድ ነገር አልገባኝ ብሏል። ውሃም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሦስት ሦስት አቶም ነው ያላቸው። ታዲያ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው የሚታጠፈው ለምንድን ነው? 180 እና 104.5 ዲግሪ የሚሉትን ቁጥሮች ሸምድጃለሁ። ከየት እንደመጡ ግን አላውቅም። የገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የኬሚስትሪ መምህር፦
በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ሽምደዳውን ተዪውና መሃል ላይ ያለውን አቶም ኤሌክትሮኖች ቁጠሪ።

ኮቫለንት ቦንድ ሁለት አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን ሲጋሩ የሚፈጠር ነው። ኦክስጅን በውጨኛው ሼል 6 ኤሌክትሮን አለው። ውሃ ውስጥ 2ቱን ከሃይድሮጅኖቹ ጋር ይጋራባቸዋል። 4 ይተርፉታል፤ ማለትም ሁለት ጥንድ። ሎን ፔር የምንላቸው እነሱ ናቸው። ክፍል ውስጥ ሁሌም ተማሪዎች የሚረሷቸው እነዚህን ነው፤ ኤች ቱ ኦ ብለን ስንጽፍ አይታዩማ! ካርቦን ግን ያለው 4 ብቻ ነው። አራቱንም ለሁለቱ ድርብ ቦንዶች ያውላቸዋል። ምንም አይተርፈውም።

ኤሌክትሮኖች ኔጌቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ ስለዚህ ጥንዶቹ የቻሉትን ያህል ተራርቀው ይቀመጣሉ። ድርብ ቦንድ እንደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚቆጠረው። በካርቦን ዙሪያ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ስላለ ፊትና ኋላ ይሆናሉ፦ 180 ዲግሪ።

በኦክስጅን ዙሪያ ግን አራት አሉ። አንድ ድንችና አራት ስቴኪኒ አምጪ። ስቴኪኒዎቹን እርስ በርስ እኩል እንዲራራቁ አድርገሽ ሰኪያቸው። ደብተር ላይ ብትስዪው መስቀል ይሆንና 90 ዲግሪ ይወጣል። ድንቹ ላይ ግን በሁሉም በኩል ቦታ ስላለ እስከ 109.5 ይከፈታሉ። አሁን ሁለቱ ጫፍ ላይ የተነከረ ሽምብራ ሰኪ። ሽምብራዎቹ ሃይድሮጅን ናቸው፤ ባዶዎቹ ሎን ፔር። ሽምብራ፣ ድንች፣ ሽምብራ ብለሽ ስታዪው የታጠፈ ነው። 109.5 ወደ 104.5 የሚወርደው ደግሞ ሎን ፔር የሚሳበው በአንድ ኒውክለስ ብቻ ስለሆነ ነው። ሰፋ ብሎ ይቀመጥና ቦንዶቹን ያጠጋጋቸዋል። ይህን አካሄድ በ1957 ያደራጁት ኬሚስቶቹ ጊሌስፒና ናይሆልም ናቸው።

የፋርማሲ ተማሪ፦
ቲቸር ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ መታጠፉ ቀላል ነገር አይደለም። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ወደራሱ ስለሚስብ እያንዳንዱ ቦንድ ፖላር ነው፤ ማለትም አንዱ ጫፉ በመጠኑ ኔጌቲቭ፣ ሌላው በመጠኑ ፖዘቲቭ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሁለቱ ጉተታዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆኑ ይጣፋሉ። ውሃ ውስጥ ግን አይጣፉም። ጨው ውሃ ውስጥ የሚሟሟው የውሃ ሞለኪውል ፖላር ስለሆነ ነው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ፦
ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ! ቦሮን ትራይፍሎራይድንና አሞኒያን ሞከርኩ። ቦሮን 3ቱንም ስለሚጨርስ ሦስት አቅጣጫ፣ ጠፍጣፋ፣ 120 ዲግሪ። ናይትሮጅን 5 አለው፤ 3ቱን ተጠቅሞ አንድ ጥንድ ይተርፈዋል። ስለዚህ ጠፍጣፋ ሊሆን አይችልም፣ ፒራሚድ ነው። ልክ ነኝ?

የኬሚስትሪ መምህር፦
ልክ ነሽ፤ ጎበዝ። አሞኒያ ያለው ሎን ፔር አንድ ብቻ ስለሆነ 107 ገደማ ላይ ይቆማል። አሁን ሰልፈር ዳይኦክሳይድን ሥሪ። ፎርሙላው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወንድም ይመስላል። ሰልፈር ግን 6 ነው ያለው፤ ስንት እንደሚተርፈው ቁጠሪና ቅርጹን እዚሁ ጻፊልኝ።