ቆሻሻውንም የመብራትና የከሰል ወጪውንም መቀነስ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? (ጅማ)

የጅሬኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ጅማ፣ ጅሬን በኩል ነው የምኖረው። አማቴን ጨምሮ ስድስት ነን። የራሳችን ግቢ አለን፣ ጓሮው ሰፊ ነው። አንድ የወተት ላም ከነጥጃዋ አለችን፣ ጥቂት ዶሮዎችም አሉ።

መጀመሪያ የቆሻሻው ነገር። የሚሰበስቡት ልጆች አንዳንዴ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋሉ። ጆንያው ሞልቶ ዝናብ ሲመታው ሽታው አያስቀምጥም። ወደ ወንዝ የሚደፉ አሉ፣ እኔ ግን አዌቱ ውስጥ መድፋት አንጀቴ አልቻለም። ያለን ቆሻሻ የወጥ ቤት ትራፊ፣ የጫት ገራባ (ባለቤቴ እንግዳ ይበዛበታል)፣ ፌስታል፣ ሃይላንድና የልጅ ዳይፐር ነው። ጎረቤታችን ደግሞ የቡና መፈልፈያ አለው፣ ገለባውን በነፃ ውሰዱ ይለናል፣ ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ሌላው መብራት ነው። ክረምት ሲገባ ይሄዳል ይመጣል። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው፣ ከሰሉም እንደዛው። አንድ የሶላር ነጋዴ «ባለ 300 ዋት ፓነል ላስገባልሽ፣ ምጣድሽን ሳይቀር ያሠራልሻል፣ ከቆጣሪ ትገላገያለሽ» አለኝ። እውነት ነው? ባዮጋዝስ (ከእበት የሚወጣው የምድጃ ጋዝ) በአንድ ላም ይሆናል? ያጠራቀምኳት ገንዘብ አንዴ ከወጣች ሌላ የለኝም፣ ስለዚህ የምታውቁ እባካችሁ በደንብ ንገሩኝ።

ሶላር ጠጋኝ፦

እህቴ፣ ገንዘብሽን ሳታወጪ መጠየቅሽ ጥሩ አደረግሽ። ሰውየው የነገረሽ ትክክል አይደለም፣ ሂሳቡን አብረን እንየው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል። ምጣዱ እስኪግል ያለውን ጨምሮ 2 ሰዓት ብትጋግሪ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላሽ ማለት ነው። 300 ዋት ፓነል ደግሞ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ነው የሚሰጥሽ። አንድ ጋገራ የፓነሉን የሳምንት ምርት ይጨርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ሲጫን ከዛም ይብሳል። በዛ ላይ ምጣዱን የሚችል ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረው መሣሪያ) እና የባትሪ ክምር ያስፈልጋል። ስለዚህ ምጣድ፣ የውሃ ማሞቂያና ካውያ ከሶላሩ ይውጡ።

300 ዋት የሚችለውን ልንገርሽ። አምስት ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት 175 ዋት ሰዓት ነው። ቴሌቪዥን ከነዲኮደሩ ለ4 ሰዓት 260 አካባቢ። ስልኮችና ዋይፋይ ተደምረው 150። ድምሩ 600 እንኳ አይሞላም። ይሄን በምቾት ያሠራልሻል፣ መብራት ሄደ መጣ ብለሽ አትጨነቂም። ፍሪጅ ለብቻው በቀን ከዛ በላይ ሊበላ ስለሚችል እሱን ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

ባትሪ ላይ እንዳትታለዪ። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሚል የአሲድ ባትሪ ወረቀቱ ላይ 1,200 ዋት ሰዓት ነው፣ ዕድሜው እንዲረዝም ከፈለግሽ ግን የምትጠቀሚው ግማሹን ብቻ ነው። ሊቲየሙ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው) ከ80 በመቶ በላይ ያስጠቅማል፣ ዕድሜውም ብዙ እጥፍ ነው። ሲገዛ ይወደዳል፣ ቆይቶ ግን ያዋጣል። የአሲዱን ከገዛሽ መኝታ ቤት አታስቀምጪው፣ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

ሲገጥሙልሽ ቁሚና እዪ። የአቮካዶ ዛፍ ጥላ የፓነሉን አንድ ጥግ እንኳ ቢነካው ምርቱ በጣም ይወርዳል። ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፣ ዝናቡም ያጥበዋል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ካልተደረገ ገንዘብ እንዳትከፍዪ። በ12 ቮልት 300 ዋት ማለት 25 አምፒር ነው፣ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ እሳትም ያስነሳል።

የሂርማታ ልጅ፦

ሶላር ጠጋኝ ባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ለምንድነው ሁሉም ሰው ከቆጣሪ መውጣት የሚፈልገው? ኤሌክትሪካችን እኮ ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመነጨው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ራሱ ጎረቤታችን ነው። ሰፈር ውስጥ መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ማመንጫው ጎድሎ ሳይሆን መስመር ተበጥሶ፣ ዛፍ ወድቆ፣ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነው። ስለዚህ እንጀራሽን በመብራት መጋገር አታቁሚ፣ ለጠፋበት ቀን ብቻ መጠባበቂያ ያዢ።

ለዛ «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ አሠሪ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነፃፀር ማገዶውን ወደ ግማሽ ይቀንሰዋል፣ ጭሱም ዓይን አያጠፋም። በመብራት ስትጋግሪ ደግሞ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ካለው ግርግር ሽሺ፣ ያኔ ኃይሉ ስለሚዳከም ምጣዱ ቶሎ አይግልም። ሊጡን ሰብስበሽ በአንዴ ጋግሪ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍተሽ በያዘው ሙቀት ማውጣት ይቻላል።

ከሰሉን የሚጨርሰው ግን ወጥና ንፍሮ ነው። ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ። እናቴ የምታደርገውን ልንገርሽ፣ ድስቱ በደንብ ከተንተከተከ በኋላ ታወርደውና በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጭድ በሞላ ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ ከሰዓታት በኋላ በስሎ ይገኛል፣ ያለ አንድ ፍሬ ከሰል። ቀዩን ቦሎቄ ግን ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በደንብ ሳይንተከተክ እንዳታወርዱት፣ ጥሬነቱ ሆድ ይመርዛል።

ጓሮ ወዳድ፦

አካም ጅርታ የኔ እህት! ገለባ በነፃ አለኝ ስትዪ ቀናሁብሽ ወላሂ።

የቆሻሻሽን ግማሽ የምትገላገዪው ጓሮሽ ውስጥ ነው። እዚሁ ጅማ ላይ በተሠራ ጥናት አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ግድም ቆሻሻ ያወጣል፣ ከዛ ውስጥ በክብደት 54 በመቶው የሚበሰብስ ነው። ለስድስት ሰው አስቢው። ያንን ከጆንያው ካወጣሽው፣ ከዳይፐሩ በቀር የቀረው ደረቅ ስለሆነ አይሸትም፣ ልጆቹ ቢዘገዩም አያስጨንቅሽም።

ኮምፖስት (የብስባሽ ማዳበሪያ) አድርጊው፣ አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አጥር በእንጨት ሥሪ። ከታች ጭራሮና የበቆሎ አገዳ፣ አየር እንዲያስገባ። ከዛ ወፍራም የቡና ገለባ፣ በላዩ የወጥ ቤት ትራፊና የላሟ እበት፣ በላዩ ስስ አፈር፣ እንደገና ገለባ፣ እንደዛ እያልሽ ወደ ላይ። ደረቁ ሁልጊዜ ከእርጥቡ ይብለጥ። ከሸተተ እርጥቡ በዝቷል ማለት ነው፣ ገለባ ጨምሪና ገልብጪው። እፍኝ አንስተሽ ስትጨምቂው አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልኩ ነው። መሃሉ ላይ እንጨት ሰክተሽ አቆዪው፣ ስታወጪው ትኩስ ከሆነ እየሠራ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ገልብጪው። ሦስት አራት ወር ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆናል።

ዋናው ጠላትሽ ዝናቡ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ ክፍት ክምር ጭቃ ይሆንና ምርጡ ነገር ታጥቦ ይሄዳል። በአሮጌ ቆርቆሮ ወይም በሸራ ክደኚው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አታስገቢ፣ አይጥና ውሻ ይጠራል።

የግብርና ሰው፦

ጓሮ ወዳድ ጥሩ ብሏል፣ ገለባው ላይ ግን ጥንቃቄ ልጨምር። የቡና ገለባ ፖታሲየም ስላለው ለአፈር ጥሩ ነው፣ ግን ካፌይንና ታኒን አለበት፣ ቶሎም አይበሰብስም። ጥሬውን ችግኝ ሥር ብታለብሱት ችግኙን ያቀጭጨዋል። እበት ወይም የዶሮ ኩስ በደንብ ይግባበት፣ ካልሆነ ዓመቱን ሙሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል።

ገራባውን ለፍየል የሚሰጥ ብዙ ነው። ጫቱ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት ስለማናውቅ እኔ ለወተት ላም አልሰጥም፣ ልጆችሽ የሚጠጡት ወተት ነው። ቅጠሉን ከትፈሽ ኮምፖስት ውስጥ ጨምሪው፣ እንጨቱን አድርቀሽ አንድጂው።

ገለባውን ከሰል የሚያደርጉም አሉ። በርሜል ውስጥ አየር አሳጥቶ ማክሰል፣ መፍጨት፣ በሸክላ አፈር ወይም በስታርች ለውሶ መጭመቅና ማድረቅ ነው። ይሠራል። ግን መጭመቂያ ከሌለሽ ድካሙ ይበዛል፣ ለአንድ ቤት ብቻ አልመክርሽም። የማንኛውም ከሰል ጭስ አልባ ጋዝ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል፣ ብሪኬትም (እንዲህ ተጨምቆ የሚሠራው ከሰል) ቢሆን ያው ነው።

የቦዬ ሰው፦

ባዮጋዙን እኔ ልመልስ፣ ቤቴ አለኝ። እህቴ፣ በአንድ ላም አይሆንም። ትንሹ ባለ 4 ሜትር ኩብ ጉድጓድ እንኳ በቀን ከ20 ኪሎ በላይ ትኩስ እበት ይፈልጋል፣ በእኩል ውሃ ተበጥብጦ። የሀገር ላም ግቢ ውስጥ ውላ በቀን 10 ኪሎ ብትሰጥሽ ነው። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ሲጀመር ኦሮሚያ ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር፣ ያኔም ሲመክሩ አራት ከብት ይኑራችሁ ነበር የሚሉት።

እበቱ ካለ ግን በረከት ነው። 25 ኪሎ እበት አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይሰጣል፣ አንዱን ምድጃ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያነዳል፣ ቡናና ቁርስ ምሳ ይሠራበታል። የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለጎመንና ለቡና ተክል ከማዳበሪያ አይተናነስም። እንጀራ ግን አይጋገርበትም፣ ነበልባሉ ለምጣድ አይበቃም። ይሄን ሳይነግሩ የሚያስገነቡ አሉ።

ሶላር ጠጋኝ፦

የቦዬ ሰው፣ የወጥ ቤት ትራፊ ቢጨመርበትስ ወንድሜ? ከእበት ይበልጥ ጋዝ ይሰጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የቦዬ ሰው፦

እውነት ነው፣ በኪሎ ሲታይ የምግብ ትራፊ ይበልጣል። ግን ጉድጓዱን የሚያስጀምረውም የሚያረጋጋውም እበት ነው። ትራፊ ከበዛ ውስጡ ይኮመጥጥና ጋዙ ይቆማል፣ እሱን መመለስ ሳምንታት ይፈጃል። በትንሽ በትንሹ፣ ከትፎ፣ ከእበት ጋር ከሆነ ጥሩ ነው። ቱቦው ያፈስ እንደሆነ ደግሞ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል እንጂ በክብሪት አይሞከርም!

እትዬ ዘምቢል፦

ልጄ፣ ስለ ፌስታሉ የተናገረ የለም። ፓርላማው በ2017 ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፣ ስለዚህ ከአሁኑ መላቀቅ ነው። ዘምቢል በር ላይ ስቀዪ፣ ለሚላክ ልጅም ስጪ። ሥጋ ቤት ክዳን ያለው ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። ሃይላንድና ጀሪካን ታጥቦ ለብቻ ይቀመጥ፣ ቆራሌው ሲመጣ ይወስደዋል፣ ቆርቆሮና ጠርሙስም እንደዛው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ በፌስታል ከሰል ማቀጣጠል ይቅር። ጭሱ መርዝ ነው፣ ምድጃው ሥር ተቀምጦ የሚተነፍሰው ደግሞ ሕፃን ነው። ቀጫጭን ጭራሮና የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል።

ዳይፐሩን ቀን ቀን በጨርቅ ቀይሪው፣ ማታና መንገድ ላይ ብቻ የሚጣለውን ተጠቀሚ። ግማሹ ቢቀንስ ትልቅ ነገር ነው።

የጅሬኗ፦

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ እጅ ነስቻለሁ። ከገንዘብ በፊት በነፃ የሚሆነውን ልጀምር፣ ኮምፖስቱንና ዘምቢሉን ማለት ነው። ከዛ ምርጥ ምድጃ፣ ከዛ አምፖሎቹን ሁሉ ኤልኢዲ አድርጌ ሶላሩን ለመብራትና ለቴሌቪዥን ብቻ። ባዮጋዙን ትቼዋለሁ፣ ከብት ከጨመርን እናየዋለን።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ጓሮ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለን፣ ለዕቃና ለልብስ ነው የምንጠቀምበት። ኮምፖስቱን አጠገቡ ባደርገው ውሃ ለማጠጣት ይቀርበኛል። ችግር አለው?

ጓሮ ወዳድ፦

አዎ አለው፣ አታድርጊው። እበት ያለበት ክምር ላይ ዝናብ ሲወርድ ፍሳሹ ሰርጎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ቢያንስ 15 ሜትር አርቂው፣ ቦታ ካለሽ ከዛም በላይ። ግቢሽ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ከጉድጓዱ በታች በኩል ይሁን እንጂ በላይ በኩል አይሁን። ውሃውን በጀሪካን ማመላለሱ አይከብድሽም፣ ክረምቱን ደግሞ ጭራሽ ውሃ አያስፈልገውም።